ቁርና ሐሩር በአሰብ መንገድ

የአገራችንን መንገዶች ታሪክ የጻፉ ሰዎች ድልድዩንና ዋሻውን፣ የተነጠፈውን ጠጠርና የወጣውን ገንዘብ እየቆጠሩ በመዝገብ አኑረውልናል፤ በዚያው መንገድ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጐኑን የት እንዳሳረፈ፣ ቁሩን ምን ተከናንቦ እንዳሳለፈ፣ ሐሩሩንስ በምን ዘዴ እንደቻለው የጠየቀ ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ከባድ ጭነትና ተሳቢ አስከትሎ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ የሚመጣው መዓት በእርሱ ላይ ብቻ ተወስኖ የማይቀር ስለ ሆነ፣ የሾፌር ሌሊት የሾፌሩ የግል ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ከቶ አይገባም።

ይህን ታሪክ ከአሰብ መንገድ የምጀምረው፣ ቁርና ሐሩር በአንድ ጉዞ ውስጥ እንዲህ ተከታትለው ሰውን የሚፈትኑበት መንገድ ባገራችን ሌላ ስለማላውቅ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ጉምና ብርድ በተቀላቀሉበት ነፋስ ውስጥ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ያልፍና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም ከሚሴንና ኮምቦልቻን ተሻግሮ ወደ ባቲ ይታጠፋል፤ ከባቲ በታች ዛፉ እያነሰ፣ ምድሩ እየተራቆተ፣ ነፋሱ እየጋለ ሄዶ ሚሌ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በአፋር በረሓ መካከል ይገኛል። መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን ሎጊያን፣ ሰርዶን፣ ኤሊ ዳርን፣ ማንዳንና ቡሬን ካለፈ በኋላ ከ850 ኪሎ ሜትር የማያንስ ጉዞ ፈጽሞ በቀይ ባሕር ዳር ይቆም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጋቢ በቡልኮ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ያደረው ሾፌር፣ ነገ ማታ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ከየት ይምጣልኝ እያለ ነፋስ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

መኪና ከመምጣቱ በፊት በዚህ ቆላ ጨውንና ሌላውንም ሸቀጥ በግመል ያመላልሱ የነበሩት አፋሮችና ከደጋ የሚወርዱት ሲራራ ነጋዴዎች ለሐሩሩ ያገኙት መድኃኒት ሌሊቱን እንደ መዓልት፣ መዓልቱን እንደ ሌሊት መቍጠር ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጫናል፤ በከዋክብት እየተመሩ ይጓዛሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ጭነቱ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውም ከብትም ወደ ጥላ ተጠግቶ፣ ጥላ ከታጣም ሰሌኑን በዘንግ ላይ ወጥሮ እስከ ሠርክ ያርፋል። ይህን ሥርዓተ ጉዞ ማንም ሳያስተምራቸው ሾፌሮቹ ወረሱት። ጎማ በቀን ሐሩር በጋለው መንገድ ላይ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ሲሽከረከር የመፈንዳቱ ነገር ስለሚያሰጋ፣ ሞተሩም ውሃ ስለሚያፈላ፣ ከሚሌ ወደ ታች የሚወርደው መኪና ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሲመሻሽ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ውርስ ውስጥ አንድ አደጋ ተሰውሮ ነበር፤ ግመል ባለቤቷ ቢያንጎላጅ መንገዷን አትስትም፤ መኪና ግን የሾፌሩ ዓይን ለአንድ አፍታ እንኳ ቢከደን ይዞት ገደል ይገባል። የቀን እንቅልፉን በሙቀት ምክንያት ሳያገኝ የሌሊቱን ጉዞ የሚጀምር ሾፌር ራሱን በጫትና በሻይ እየደገፈ ለመንቃት ይታገላል፤ ጫትም የሚሰጠውን ንቃት ኋላ በዕዳ መልክ ያስከፍለዋል። በዚያ መንገድ ዳር ተገልብጠው የዛጉት ተሳቢዎች ስንቶቹ በፍሬን ጉድለት፣ ስንቶቹስ በእንቅልፍ ማጣት እንደ ወደቁ ማን ለይቶ ጻፈ?

አሰብን እ.ኤ.አ. በ1869 ሩባቲኖ የተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ ከአካባቢው ሡልጣኖች መሬት ገዝቶ ከያዘው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 የጣልያን መንግሥት ተረክቦ ቅኝ ግዛቱ አደረገው። ወደ ደጋው የሚወጣው የመኪና መንገድ የተጠረገው ግን ጠላት አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከድል በኋላ የተጐዳውን መንገድ ሁሉ መጠገን የሚችል አካል ስላስፈለገ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የአገሪቱ ዋና የገቢና የወጪ በር ለመሆን በቃ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ብድር የነዳጅ ማጣሪያ ስለ ተሠራበት፣ የቦቴ መኪናዎች ሰልፍ በጭነቱ ሰልፍ ላይ ተጨመረ።

በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያዎቹ ከባድ መኪናዎች ጣልያን ለጦርነቱ አምጥቷቸው የቀሩት ነበሩ። ከእነርሱም መካከል በናፍታ የሚሠራውን ፊያት 634ን ሕዝቡ ትሬንታ ኳትሮ ብሎ ጠራው። ከዚህ ቀጥሎ የመጣውና እስከ ዛሬ በሽማግሌ ሾፌሮች አንደበት የሚወደሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው የፊያት 682 ዘር፣ ይልቁንም ኤን ትሬ የተባለው ነው። ጣልያኖች ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ የሚል ቅጽል ያወጡለት ይህ መኪና ለጭነትና ለዳገት የሚያህለው አልነበረም፤ ለሰው ዕረፍት ግን የታሰበበት አይመስልም።

የኤን ትሬን ጋቢና ውስጡን ቀርቦ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል፣ ከብረት ክዳን በታች ተቀምጧል። በዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ክዳኑ እጅ አያስነካም፤ የናፍታ ሽታና የተቃጠለ ዘይት ትነት በስንጥቁ እየወጣ ዓይን ያስለቅሳል። ከመቀመጫው ኋላ ሰው እጥፍ ብሎ የሚተኛበት ጠባብ መደብ አለ፤ በላዩም የሾፌሩ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ቴርሞስና የመንገድ ሰነዶቹ የተቀመጡበት ሻንጣ ይከማቻሉ። በደጋ ይህ መደብ መልካም ማደሪያ ነው። በቆላ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ያ ሁሉ ብረት የያዘውን ግለት ለብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ውጭው መብረድ ሲጀምር ጋቢናው ገና ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶን መስሎ ይቈያል፤ ለሾፌሩ የሚወርድለት መልአክ ስለሌለ በሩን ከፍቶ መሸሽ ብቻ ይቀረዋል።

የሚሸሽበትም ስፍራ በሦስት ይከፈል ነበር። አንደኛው ከጭነቱ በላይ፣ በሸራው ላይ ነው፤ እዚያ ከምድር ከፍ ስለሚል ትንሽም ብትሆን የምትነፍሰው ነፋስ ታገኘዋለች፤ ጭነቱ ስኳር ወይም እህል ከሆነ ለመኝታ ይመቻል፤ ብረታ ብረት ከሆነ ግን ቀን የዋጠው ግለት ጀርባን ያቃጥላል። ሁለተኛው ከተሳቢው በታች፣ በጎማዎቹ መካከል ነው፤ ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር አጥብቆ ካስገባ በኋላ ጆንያ ዘርግቶ ውሃ ይረጭበታል፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሥፍራውን ያቀዘቅዘዋል። ሦስተኛው በሚሌና በሎጊያ ባሉ ሻይ ቤቶች ግቢ፣ በገላጣ ሰማይ ሥር የተደረደረው በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈው አልጋ ነው። አልጋው ከታችም ከላይም አየር ስለሚያስገባ፣ ከሦስቱ ሁሉ ለሥጋ የሚስማማው እርሱ ነበር፤ ነገር ግን በአዋሽ ታችኛ ተፋሰስ ወባ ስለ በዛ፣ አጎበር ያልያዘ ሰው ለአንድ ሌሊት ምቾት የሳምንታት ትኩሳት ይገዛል።

ረዳቱን ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ሾፌሩ ጐኑን ሲያሳርፍ ጎማውንና ጭነቱን የሚጠብቀው፣ ከሌሊቱ እኩሌታ ተነሥቶ ሸራውን የሚዳስሰው፣ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ የሚያየው እርሱ ነው። በመኪናው ጐን የሚንጠለጠለውን የውሃ ጄሪካን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጆንያውን እያራሰ፣ በጉዞው ነፋስ ውሃው እንዲበርድ ማድረግም የእርሱ ሥራ ነው። በረዶ ባልነበረበት ምድር ቀዝቃዛ ውሃ የሚገኘው በዚህ ጥበብ ነበር፤ ይህንንም ጥበብ ማንም መሐንዲስ አላስተማረውም፤ ከቀደሙት ረዳቶች አይቶ የተማረው ነው።

አንባቢ፦ ለምን ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥተው አያድሩም ነበር? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን በነበሩት መኪናዎች በሐሩር ጊዜ ሞተር ማስነሣት ሙቀት ከመጨመር በቀር ለጋቢናው ቅዝቃዜ አይሰጥም ነበር። በቁር ጊዜ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ባለው ደጋ ያደረ ሾፌር ሞተሩን ቢያስነሣው እግሩን የሚያሞቅበት ነገር ያገኝ ነበር። የማያደርገው ባለንብረቱ ለአንድ ምልልስ የሚሰጠውን ናፍታ በሊትር ስለሚሰፍርለት ነው፤ ከተሰፈረው ያለፈው ከሾፌሩ ኪስ ወይም ከስሙ ላይ ይነሣል። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ሞተር ያለ ሥራ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ናፍታው በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸት ይቋጥራል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል፤ ጥሩ መካኒክ ሁሉ ይህን ለሾፌሮቹ ይነግራቸው ነበር። ስለዚህ የደጋው ሌሊት የሚታለፈው በጋቢ፣ በቡልኮ፣ መስኮቱን በጨርቅ በመሸፈንና ሁለት ሰው ተጠጋግቶ በመተኛት ነበር። ጠዋት ባትሪው ደክሞ፣ ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ እንቢ እንዳይል፣ ብልህ ሾፌር ማታውኑ መኪናውን አፉን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ያቆመዋል፤ ሲነጋ ታኮውን ነቅሎ፣ ጥቂት አንከባሎ፣ ማርሽ ውስጥ ሲያስገባው ይነሣለታል። በከሰል ምድጃ ጋቢናውን ለማሞቅ የሞከሩም ነበሩ፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ሥፍራ ሰውን ሳያስነቃ የሚገድል ስለ ሆነ፣ ይህን ልማድ ከዘዴ መቍጠር አይገባኝም።

ይህ ሁሉ ችሎታ ክፉኛ የተፈተነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ለተራበው ወገን ከየአገሩ የተላከው እህል በአሰብ ወደብ ላይ ሲከማች፣ የሚያነሣው መኪና ግን ስላነሰ፣ ሾፌሮች ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ ያለ ዕረፍት እየተመለሱ ወደ ሐሩሩ ይወርዱ ነበር፤ ወደብ ሲደርሱም ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ በዚያ ወበቅ ይጠብቃሉ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እርዳታ ሰጪዎች፣ ስለ መንግሥታት፣ ስለ ሙዚቀኞች ሳይቀር ተተርኳል። በተሳቢ ሥር ተኝተው እየተነሡ እህሉን ወደ ወሎ ስላወጡት ሰዎች ግን የሚገባቸው ያህል አልተነገረም፤ ይህ ዘወትር ያሳዝነኛል።

አሁን ደግሞ ጥቂት ወደ ሰሜን አሜሪካ ልሻገር፤ ዛሬ ከእኛ ወገን በርካታ ሰዎች በዚያ አገር ከባድ መኪና እየነዱ ስለሚኖሩ ነገሩ የሩቅ አይደለም። በዚያ አገር ታሪኩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታያል። የኢንዲያናው መካኒክ ክሌሲ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በናፍታ የሚሠራ የጭነት መኪና ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ ነድቶ ለነዳጅ ያወጣው 11 ዶላር ከ22 ሳንቲም ብቻ ስለ ነበር፣ የናፍታ ርካሽነት ለሁሉ ተገለጠ። ርካሽ የሆነውን ነገር ደግሞ ማንም አይቈጥበውም። በክረምት ወራት ናፍታው በብርዱ ሰም መሰል ነገር ቋጥሮ እንዳይረጋ፣ ዘይቱም እንዳይጠጥር፣ ሾፌሮች ሞተሩን ሳያጠፉ ማደርን ለመዱ፤ የአየር ማቀዝቀዣ በየጋቢናው ከገባ በኋላ ይኸው ልማድ ወደ በጋም ተሻገረ። በየአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት የመኪና ማደሪያዎች በመቶ የሚቈጠሩ ሞተሮች ሌሊቱን ሙሉ እያጓሩ ያድሩ ጀመር።

በዚያም ላይ ሁለት ሕጎች ነገሩን አባባሱት፤ ሁለቱም የወጡት ለበጎ ነበር። የመኪናውን ጠቅላላ ርዝመት ይወስኑ የነበሩትን የየግዛቱን ሕጎች እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የፌዴራል ሕግ ስለ ሻረ፣ የመኝታው ክፍል እየሰፋ ሄዶ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚገባበት ትንሽ ቤት ሆነ፤ እነዚህ ሁሉ ኃይል ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሾፌር የቀኑን ነጂነት ከፈጸመ በኋላ 10 ሰዓት ሳያቋርጥ እንዲያርፍ ታዘዘ። ዕረፍቱ በረዘመ መጠን ሞተሩ የሚያጓራበት ሰዓትም ረዘመ። በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍታ የሚፈጀው ሞተር በአንድ ዕረፍት 30 ሊትር ያለ አንዳች ጉዞ ያቃጥላል፤ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያሉ ተመራማሪዎች ረጅም መንገድ የሚሄድ አንድ መኪና በዓመት 1800 ሰዓት ገደማ እንዲሁ ቆሞ እንደሚሠራ ገምተዋል። ጢሱም የሚገባው በዚያው በማደሪያው ለተኙት ሾፌሮች ሳንባ ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ላይ የከረረ ሕግ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መኝታ ያላቸው መኪናዎች ጭምር ቆመው ሳሉ ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተራቸውን እንዳያሠሩ ከለከለች። ሾፌሩ ታዲያ በምን ይሙቅ፣ በምንስ ይቀዝቅዝ? ለቁሩ መልሱ የመጣው ከጀርመን ነው፤ ዌባስቶና ኤበርሽፔሸር የሚሠሩት ትንሽ ማሞቂያ ከመኪናው ጋን ናፍታ እየጠባ፣ ጢሱን ወደ ውጭ እየሰደደ፣ ዋናውን ሞተር ሳያስነሣ ጋቢናውን ያሞቃል፤ በአንድ ሌሊት የሚፈጀውም ሁለት ሊትር ያህል ነው። ለሐሩሩ ነገሩ ከበደ። አንዳንዱ ከሻሲው ጐን ትንሽ ሞተር ተከለ፤ ይህ ሞተር ክብደት ስለሚጨምር የአገሪቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተፈቀደው ጭነት በላይ 400 ፓውንድ፣ በ2012 ደግሞ 550 ፓውንድ፣ ማለት 250 ኪሎ ግራም ያህል እንዲጨመርለት ፈቀደ። አይድልኤር የተባለው የቴኔሲ ኩባንያ በየማደሪያው ቧንቧ ዘርግቶ በመስኮት በኩል ቀዝቃዛና ሙቅ አየር ለሾፌሮች ይሸጥ ነበር፤ አሳቡ መልካም ነበር፤ የተከላው ወጪ ግን ከገቢው ስለ በለጠ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰረ። ዛሬ እየተስፋፋ ያለው ቀን በጉዞ ላይ ተሞልቶ ሌሊት የሚሠራው የባትሪ ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የሾፌሩን ምቾት ከሞተሩ ጋር ያስተሳሰረውን ቋጠሮ ለመፍታት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ፈጀ።

እኛ ዘንድ ይህ ቋጠሮ የተቋጠረው ገና በቅርቡ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ከሚሌና ከሎጊያ ወደ ገላፊ ታጥፎ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ጀመር። በረሓው ያው ነው፤ የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስም ዓይን አያስገልጥም። መኪናው ግን ተለወጠ። ኤን ትሬው እየቀረ ሄዶ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ሲኖትራክና ሌላውም አዲስ መኪና መንገዱን ሞላው፤ ወጣቱ ሾፌር መስኮቱን ዘግቶ በቀዝቃዛ ጋቢና ውስጥ ሰርዶን ያልፋል፤ ይህም በእውነት ታላቅ በረከት ነው። በጠረፍ ወይም በወደብ በር ላይ ወረፋ ሲይዝ ግን ምርጫ ይመጣበታል፤ ሞተሩን ካጠፋ ቅዝቃዜው አብሮ ይጠፋል፤ ካላጠፋ ባለንብረቱ የሰፈረለት ናፍታ ያልቃል። የቀድሞው ሾፌር ከነበረበት ይልቅ የአሁኑ በሁለት ነገር ይጐዳል፤ አዲሱ ጋቢና የታሸገ ስለ ሆነ፣ ማቀዝቀዣው ሲቆም አየር እንኳ አይዘዋወርበትም፤ በሸራ ላይ መተኛትም ጭነቱ ኮንቴይነር ከሆነ ወዲህ አልተቻለም፤ የኮንቴይነር ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የዋጠ ብረት ነው። የቀረው የተሳቢው ሥርና የጠፍር አልጋው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ለአንድ ምልልስ የሚሰፈረው ነዳጅ ሲሰላ የሚቈጠረው ኪሎ ሜትሩ ብቻ መሆኑ ከጥንቱ የተረፈ ስሕተት ነው፤ የሚቆምበትም ሌሊት አብሮ መቈጠር ነበረበት። ባለንብረቱ በአንድ ሌሊት 30 ሊትር እንዲቃጠልበት ስለማይሻ፣ ሾፌሩም ያለ እንቅልፍ አዳሩን ጨርሶ የሚሌን ዳገት እንዲወጣ መጠየቅ ስለማይገባ፣ በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው ያ በጣሪያ ላይ የሚገጠም፣ በ24 ቮልት የሚሠራ የባትሪ ማቀዝቀዣ ነው። ይህን መሣሪያ የሚገጥም ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ማቀዝቀዣው ሞተሩን ከሚያስነሡት ባትሪዎች ላይ ከጠጣ ጠዋት መኪናው በበረሓ መካከል አልነሣ ይላል፤ በጣርማ በር እንደሚደረገው በቁልቁለት አንከባሎ እንዳያስነሣውም የጠረፉ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ስለዚህ ለመኝታው ሌላ ሁለት ባትሪ ለብቻው ይታሰርለታል፤ እነርሱም ቀን በጉዞው ላይ ከዲናሞው እየሞሉ ይውላሉ።